ለፔይንትቦል ሰደርያ ስለጠየቁት እናት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ አንዲት እናት «ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ውስጥ ለሚጫወተው ፔይንትቦል (በቀለም ኳስ እየተታኮሱ ለሚጫወቱት ጨዋታ) የወታደር ሰደርያ ካልገዛሽልኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል፤ የቱን ልግዛለት?» ብለው ጠይቀው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ወፍራሙን ግዙለት፣ ከጥይቱ ይከላከልለታል የሚል። መልሱን የጻፈው ሰው በቅን ልቦና እንደመከራቸው አልጠራጠርም። ምክሩ ግን ልክ አይደለም፤ በዚያ ላይ ኪስ ያራቁታል።

እኔ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ ነው፤ እዚህ መጥቼም ሱሪ ሳሳጥር፣ የሚዜ ቀሚስ ሳጠብ ነው የምውለው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ይህን ጨዋታ ይጫወታሉ። እኔም ባለቤቴ «በዚህ ዕድሜህ!» እያለችኝ አብሬያቸው ጫካ እገባለሁ። የልጆቼ ጓደኞች ሰደርያቸው ሲቀደድ የሚያመጡት ለእኔ ስለሆነ የዚህን ዕቃ ሆድ ዕቃ ገልብጬ አይቼዋለሁ።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሰደርያው ለመከላከያ የተሠራ አይደለም። ኳሷ 0.68 ካሊበር የምትባለዋ ናት፤ 3 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ቅርፊቷ ጄላቲን ነው፣ ውስጧ ደግሞ በውሃ የሚለቅ ቀለም ነው። ጠዋት ጨዋታ ሳይጀመር የእያንዳንዱ ተጫዋች ማርከር፣ ማለትም ኳሷን የሚተኩሰው መሣሪያ፣ ይለካል፤ ኳሷ በሰከንድ ከ280፣ ቢበዛ ከ300 ጫማ በላይ እንዳትሄድ። 300 ጫማ በሰዓት ሲሰላ 200 ማይል ገደማ ነው። ይህ ጎን ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል፣ ይበልዛል፣ ከዚያ ይለቃል። ዓይን ላይ ካረፈ ግን ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ የመከላከያው ገንዘብ የሚውለው ማስኩ ላይ ነው፤ ለፔይንትቦል ተብሎ የተሠራ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የሚል የደረጃ ምልክት ያለበት፣ መስታወቱ ድርብ የሆነ። ድርብ የሆነው በቀላሉ ጉም አይዝም። ጉም የያዘበት ልጅ ማየት ሲያቅተው ማስኩን ከፍ ያደርጋል፤ አደጋው የሚመጣውም ያኔ ነው። ደህና ማስክ ሳይኖረው ሰደርያ ልግዛ የሚል ልጅ ካለ ቅደም ተከተሉን አዛብቷል።

ወፍራም ሰደርያ ሌላም ጣጣ አለው። ኳሷ ለስላሳና የተሞላ ነገር ስታገኝ ሳትፈርጥ ትነጥራለች። በሕጉ ደግሞ ያልፈረጠች ኳስ አትቆጠርም። ስለዚህ ደረቱን በስፖንጅ ሞልቶ የሚመጣ ልጅ አምስት ጊዜ ተመትቶም ከሜዳ አይወጣም፤ ተቃራኒዎቹ በነገር ይጠብሱታል፣ ዳኛውም ዓይኑን ይጥልበታል። ሰደርያው ላይ፣ ኪሱ ላይ፣ ጀርባው ላይ ባለው የአየር ታንክ (ኳሷን የሚገፋው አየር የሚታመቅበት ዕቃ) ላይ የፈረጠች ኳስ ግን አካል ላይ እንደፈረጠች ነው የምትቆጠረው። ዕቃ በበዛ ቁጥር ዒላማ ይሰፋል ማለት ነው።

ታዲያ ሰደርያው ለምን ያስፈልጋል? ዕቃ ለመያዝ ነው። በዉድስቦል፣ ማለትም ጫካ ውስጥ በሚካሄደው ፔይንትቦል፣ ልጁ ጠዋት ጫካ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ላይመለስ ይችላል። ሲናሪዮ የሚባለው ደግሞ ታሪክ የተሠራለት ጨዋታ ነው፤ አዛዥ አለ፣ ተልዕኮ አለ፣ የሚያዝ ድልድይ አለ፣ ሬዲዮ አለ። ፔንሲልቬኒያ፣ ጂም ቶርፕ አጠገብ ያለው ስከርሚሽ የሚባለው ሜዳ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ወረራ ያጫውታል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በሁለት ጎራ ተከፍሎ ጫካውን ይሞላዋል። ከእኛ ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የሚሄድ ልጅ ኳስ፣ ውሃ፣ ሬዲዮ፣ የተጫዋች ካርድ፣ የማርከሩን በርሜል (አፈሙዙን) የሚጠርግበትን ዘንግ፣ የበርሜሉን ማፈኛ ከረጢት ሁሉ ተሸክሞ መዋል አለበት። ሰው ሠራሽ ምሽግ ባለበት አጭር ሜዳ ላይ ለሚጫወት ስፒድቦል ተጫዋች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ወገቡ ላይ የምትታሰረው ዝናር መሰል ነገር ትበቃዋለች። ልጅዎ የሚጫወተው የትኛውን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ።

ኳስ የሚያዘው ፖድ በሚባል ክዳን ባለው የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ የተለመደው 140 ኳስ ይይዛል። ማርከሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ሆፐር ደግሞ 200 ያህል። አራት ፖድና አንድ ሙሉ ሆፐር 760 ኳስ ይሆናል፤ ለአንድ ዙር ከበቂ በላይ ነው። ልጆች ግን ስምንትና አሥር የፖድ ኪስ ያለውን ነው የሚመርጡት። ሁሉንም ይሞሉታል፤ ከዚያ ዳገት ላይ ሲያለከልኩ አገኛቸዋለሁ። አሥር ፖድ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፤ ታንኩ፣ ውሃውና ማርከሩ ሳይቆጠር።

ለትልቁ ልጄ ደጋግሜ የምነግረው ነገር አለ። ይህ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው ሰኔ 1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ሄኒከር በምትባል ከተማ ነው። 12 ሰዎች ነበሩ። የያዙት መሣሪያ ኔልስፖት የሚባል፣ የደን ሠራተኞች የሚቆረጥ ዛፍ፣ ከብት አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ምልክት የሚያደርጉበት ሽጉጥ ነበር። ያሸነፈው ሰው የደን ባለሙያ ነበር፤ ጫካው ውስጥ የተቀመጡትን ባንዲራዎች ሁሉ ሰብስቦ ሲወጣ አንድም ኳስ አልተኮሰም። ልጄ «አባዬ፣ ያኔ ሌላ ነበር» ይለኛል። በርግጥ ሌላ ነበር፤ የያኔው ቀለም ዘይት ነክ ስለነበር በቴርፔንታይን ካልሆነ አይለቅም ነበር። በዚያ ዘመን የዚህ ጨዋታ ልብስ ወደ እኔ ሱቅ ቢመጣ ኖሮ በሬን እዘጋ ነበር።

ወደ አመራረጡ ልግባ። ሱቅ ሄደው ልጁን ያልብሱት፤ የሚያለብሱትም ለጨዋታ የሚለብሰውን ሹራብ ከደረበ በኋላ ነው። ከዚያ ይንበርከክ፣ በደረቱ ይተኛ፣ እጁን ያንሣ። ቆሞ መስታወት ውስጥ ማየት ምንም አይነግርዎትም። ብዙዎቹ ሰደርያዎች ፖዶቹን ደረት ላይ ይደረድራሉ፤ ቆሞ ሲታይ ያምራል። በደረቱ ሲተኛ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ከተደበቀበት ግንድ በላይ ጀርባው ይታያል። በዳዴ መሄድ ለሚወድ ልጅ ፖዱ ጎንና ጎን፣ ወይም ታች ጀርባው ላይ ቢሆን ይሻላል። ቀኝ እጁ ማርከሩን ስለሚይዝ ፖዱን የሚመዘው በግራ ነው። ሳያይ፣ ማስክ እንዳደረገ፣ በግራ እጁ መድረስ የማይችልበት ኪስ ጌጥ ነው። ፖዱን መዝዞ መልሶ እንዲከት ደጋግመው ያሠሩት፤ ሻጩ ቢያጉረመርምም አይስሙት።

ትከሻውም ይታይ። ማርከሩ ሰደፍ ካለው ሰደፉ የሚያርፈው ትከሻውና ደረቱ መጋጠሚያ ላይ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ዘለበት ወይም ወፍራም መከዳ የተሰፋ እንደሆነ ሰደፉ ይንሸራተታል፣ ዒላማው ይዛነፋል። የላይኛው ኪስ ከፍ ካለ ደግሞ ልጁ አንገቱን ሲደፋ የማስኩ አገጭ ይጋጨዋል፤ ማስኩ ከፊቱ ይነሣል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አትግዛው ብዬ ያስመለስኩት ሰደርያ አለ።

የእኛ ልጆች ደግሞ ቀጫጮች ናቸው። እዚህ አገር «ለሁሉም ልክ» ተብሎ የሚሸጠው ሰደርያ የተቆረጠው ለሰፊ ሰው ነው። የጎኑ ማጥበቂያ እስከ መጨረሻው ተስቦም የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሲሮጥ ፖዶቹ ሆዱን እየደበደቡት ይውላሉ። ማጥበብ ይቻላል፤ ለእኔ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጠባቡን ማስፋት ግን አይሆንም፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጁ እንደሚያድግም አይርሱ።

አሁን ወደ ስፌቱ። ይህን ከሌላ ሰው ስለማይሰሙት ትንሽ ታገሡኝ። አንድ ልጅ በኢንተርኔት የገዛውን ሰደርያ በመጀመሪያው ቀን ትከሻው ተገንጥሎበት አመጣልኝ። ሻጩን አልጠራም። ጨርቁ ደህና ነበር፤ ጥሩ ናይለን ነው። ገልብጬ ሳየው የትከሻው ጠፍር ከጀርባው ጨርቅ ጋር የተያያዘው በአንዲት ቀጥታ መስመር ስፌት ነው፤ ያውም ለሸሚዝ በሚሆን ቀጭን ክር። ጨርቁ አልተቀደደም፤ የተበጠሰው ክሩ ነው። የድሮውን ክር ለቅሜ አወጣሁ፣ ጠፍሩን ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገባሁት፣ በ69 ቁጥር ናይለን ክርና በ18 ቁጥር መርፌ አራት ማዕዘን ሰፍቼ መሃሉን በኤክስ አቋረጥኩት። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ መታሁበት። ሰደርያው ዛሬም ጫካ ውስጥ ነው፤ ልጁ ግን ጨዋታው ሰልችቶት ለታናሽ ወንድሙ አውርሶታል።

እርስዎም ሱቅ ውስጥ ሰደርያውን ገልብጠው ይዩት። ጠፍር ጨርቅ በነካበት ቦታ ሁሉ አራት ማዕዘኑና ኤክሱ፣ ወይም ያ ጥቅጥቅ ያለው ዚግዛግ መኖር አለበት። ጠፍሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ጨከን ብለው ይጎትቱት፤ በስፌቱ ቀዳዳ ብርሃን ከታየ ይመልሱት። የውስጡ ጠርዝ ጥሬውን የተተወ ከሆነ ናይለን ስለሆነ ይተረተራል፤ በጥብጣብ የተለበጠ ወይም የተዘመዘመ መሆን አለበት። ክሩ ጥጥ ከሆነ ላብና ዝናብ ያበሰብሱታል። ጽሑፉ ላይ 500 ዲኒየር (የክሩ ውፍረት መለኪያ ነው) ናይለን ካለ በቂ ነው። 1000 የሚለው ጠንካራ ነው፤ ለቨርጂኒያ ሐምሌ ግን ይከብዳል፣ ጀርባው ወንፊት ከሆነ ይሻላል። የፖዱ ኪስ አፍ ላይ ያለውን ላስቲክ ደጋግመው ይለጥጡት፤ ቶሎ የሚላላው እሱ ነው፤ ከላላ በኋላ ልጁ በሮጠ ቁጥር ፖድ እያንጠባጠበ ይሄዳል። የፊት ዚፕ ያለው ሰደርያ ደግሞ ጭቃና ቀለም ሲገባበት ይነክሳል፤ እኔ ባለ ዘለበቱን እመርጣለሁ። ዘለበት ቢሰበር በሁለት ዶላር ይተካል፣ ዚፕ መቀየር ግን መስፊያውን ሁሉ መፍታት ነው።

ቬልክሮ የበዛበትን ተዉት። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ቬልክሮ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ ካለ ትንሹን ልጄን ይጠይቅ። ከወደቀ ግንድ ጀርባ አብረን ተኝተን፣ ተቃራኒዎቹ ሳያዩን እያለፉ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ኪስ ቿ አደረገው። ቀጥሎ የሆነውን ጃኬቴ ይመሰክራል።

ሞሊ ስለሚባለው ልጅዎ ሳይነግርዎት አልቀረም። ሰደርያው ላይ በመደዳ የተሰፉ የኢንች ስፋት ያላቸው ጥብጣቦች ናቸው፤ ኪሶቹ ለብቻ ተገዝተው በእነሱ ላይ ይጠለፋሉ። ልጁ ዛሬ ባለ ሆፐር ማርከር ይዞ ነገ ኳስ በመጋዘን (እንደ ጠመንጃ ካዝና ባለ መያዣ) ወደሚጎርሰው ማግፌድ ወደሚባለው ቢዞር፣ የፖዱን ኪስ አውልቆ የመጋዘን ኪስ ይጠልፋል፤ ሌላ ሰደርያ አያስፈልገውም። ኪሱ የተሰፋበትን ከሚገዙ ይህን ቢገዙ ይሻላል፤ ልጆች ሐሳባቸውን እንደ ካልሲ ነው የሚቀይሩት። ግን ባዶውን ሰደርያ በርካሽ ሸጠው በኪሱ የሚያካክሱ ነጋዴዎች ስላሉ፣ የሁሉንም ዋጋ ደምረው ነው ማወዳደር ያለብዎት።

የአየሩ ታንክ ጀርባ ላይ የሚገባበት ሰደርያም አለ፤ ከማርከሩ ጋር የሚያገናኘው ሪሞት የሚባል ጥቅልል ቱቦ ነው። ማርከሩ ይቀላል፣ እጅ አይደክምም። ነገር ግን ዛፍ ተደግፎ መቀመጥ የለም፤ በጀርባ መውደቅም አይመከርም። ለጀማሪ ልጅ ታንኩ ማርከሩ ላይ ቢቆይ እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለእናትየው ልነግራቸው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው። ሰደርያው ከጫካው ውጭ አይለበስ። ልጆቹ ጨዋታ ሲያልቅ እንደለበሱ መኪና ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆመው ለስላሳ ሊገዙ ይወርዳሉ። በቀለም የተጨማለቀ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ለእኔና ለእርስዎ ልጅ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ግን ሬንጀር የለበሰ፣ ትጥቅ የታጠቀ ጥቁር ወጣት ነው። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ መናፈሻ ውስጥ በመጫወቻ ሽጉጥ ሲጫወት በፖሊስ ተተኩሶበት ሕይወቱ አልፏል። እሱን እያወቅን ይህን ለልጆቻችን ሳንነግር መተው አንችልም። የእኔ ቤት ሕግ ይህ ነው፤ ማርከሩ ከነበርሜል ማፈኛው ቦርሳ ውስጥ ገብቶ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቆለፋል፣ ሰደርያው እዚያው ሜዳው ላይ ይወልቃል፣ ንጹሕ ቲሸርት ይለበሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሞተር የሚነሣው። ልጆቼ መጀመሪያ ላይ «አባዬ ታካብዳለህ» ይሉኝ ነበር። አሁን ጓደኞቻቸውን ራሳቸው ያስወልቃሉ።

በዚሁ ምክንያት ቀለሙን በተመለከተ ከልጅዎ ጋር ቢከራከሩ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለጫካ ቡናማ ወይም ደብዛዛ አረንጓዴ በቂ ነው፤ የግድ የወታደር ዥንጉርጉር መሆን የለበትም። በሲናሪዮ ቡድን የሚለየው ክንድ ላይ በሚጠመጠም ባለ ቀለም ፕላስተር ነው፣ በሰደርያ አይደለም። ብርቱካንማና ደማቅ ቢጫ ብቻ አይሁን፤ በብዙ ሜዳዎች ላይ የዳኞች ነው። ለወንድም ልጅ አዲስ አበባ ልላክለት የሚሉ ካሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉት፤ እዚያ ይህ ልብስ የመከላከያ ሠራዊት ነው፣ ልጁን በነፃ ችግር ውስጥ መክተት ነው።

ስለ እጥበቱም፦ ቀለሙ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። በረኪና አይግባበት፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥም አይክተቱት፤ ሙቀቱ ናይለኑ ጀርባ ላይ የተቀባውን ውሃ መከላከያ ያላጠዋል፣ ላስቲኩንም ይገድለዋል። ከማጠብዎ በፊት ኪሶቹን ሁሉ ይፈትሹ፤ አንዲት የተረሳች ኳስ ማሽኑ ውስጥ ከፈረጠች የእርስዎ ነጠላም አብሮ ይቀባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ፣ አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ